ነርሷን «ሲሪንጁን እዚሁ ክፈቺልኝ» ማለት ነውር ነው እንዴ?

የጉለሌዋ · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ቢሮ አንድ ልጅ ላይ የጉበት ቫይረስ ቢ ተገኘና ሁላችንም ደንግጠን ሄደን ተመረመርን፣ እኔ ነጌቲቭ ነኝ ተመስገን፣ ዶክተሩም «እንግዲያው ክትባቱን ጀምሪ፣ ሦስት ዙር ነው፣ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዛ በስድስተኛው ወር» አለኝ። ፋርማሲ ገዛሁት፣ በረዶ ያለበት ፌስታል ውስጥ አርገው ሰጡኝና ይዤ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ።

መርፌ ክፍል ስገባ ሲስተሯ ስልክ እያወራች ነው። ጠረጴዛው ላይ ትሪ አለ፣ ትሪው ላይ ከላስቲኩ የወጣ ሲሪንጅ ተቀምጧል፣ ለኔ የተዘጋጀ ይሁን ከኔ በፊት ከወጣው ሰውዬ የተረፈ ይሁን በምን ልወቅ። «ዙሪ» አለችኝ። ክትባት እኮ ነው ስላት «ክንድ ላይ ያምሻል፣ መቀመጫሽ ላይ ይሻልሻል» አለች። ዶክተሩ ደግሞ ክንድ ላይ እንደሆነ በግልፅ ነግሮኛል። እንደምንም ብዬ «ሲስተር ይቅርታ አርጊልኝ፣ ክንዴ ላይ ቢሆን፣ ሲሪንጁንም እዚሁ ብትከፍቺልኝ» አልኳት። ወይ ጉድ! ስልኩን ዘጋችና «ነርሷ አንቺ ነሽ እኔ?» በሩ ክፍት ስለነበረ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ ባለሙያ ስራውን ያውቃል፣ አታስቸግሪ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር ደስ የሚለኝ።

በመጨረሻ ሌላ ሲሪንጅ አነሳች፣ ላስቲኩን ጧ አርጋ ቀደደች፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሷ ቆማ ሸሚዜን በአንገት በኩል ወደታች ጎትታ ትከሻዬ ጫፍ ላይ ሰካችው። ወጋችኝ አልልም፣ ተበቀለችኝ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው ፀጉሬን ለማስያዝ እጄን ወደላይ ሳነሳ ያመኛል።

አሁን ጥያቄዬ፣ አጠያየቄ ስድብ ነበረው? በሚቀጥለው ወር ሁለተኛውን ስወጋ ሰው ሳላስቀይም እንዴት ልጠይቅ? ወይስ በቃ ዝም ልበል?

አባ ናቲ · ማክሰኞ ማታ 3፡26

ኧረ ምን ስድብ አለው። ሥጋ ቤት ስንሄድ «ከዚህ ጋ ቁረጥልኝ፣ እሱን አትጨምርብኝ» እያልን ስንት ሰዓት እንነታረካለን፣ ሰውነታችን ውስጥ ለሚገባ ነገር ሲሆን ይሉኝታ ይይዘናል። ይሄ እኮ የኛ በሽታ ነው።

ቀጭኔ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

ጎግል ያነበበ ሁሉ ሀኪም ሆነ በቃ። ነርሷ 4 አመት ተምራ ነው የመጣችው፣ አንቺ ትናንት ማታ ስልክ ላይ ያየሽውን ይዘሽ ልታርሚያት ሄድሽ። እኔም ብሆን ይደብረኛል

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ማክሰኞ ማታ 4፡15

ቀጭኔ ወንድሜ እኔ ራሴ ነርስ ነኝ፣ ክትባት ክፍል ውስጥ 11 አመቴ ነው፣ አይደብረኝም። እውነቱን ልናገር፣ 80 እናት ኮሪደር ላይ ተደርድሮ እያንዳንዷ «አሳዪኝ» ብትለኝ ይደክመኛል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ግን ላስቲኩን ፊቷ መቅደድ ከኔ ምንም አይወስድም፣ የትም ብቀደው ያው ቀደዳ ነው።

አሁን ወደ የጉለሌዋ ልምጣ። እህቴ ክንድ ላይ ይሁንልኝ ማለትሽ ልክ ብቻ ሳይሆን ብር አዳነልሽ። የጉበት ቢ ክትባት ለአዋቂ የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፣ ዴልቶይድ የሚባለው ጡንቻ ላይ። መቀመጫ ላይ ጮማው ወፍራም ስለሆነ መርፌው ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ጮማ ውስጥ ይቀራል፣ ሰውነት ደግሞ ከጮማ ውስጥ ክትባቱን በደንብ አያውቀውም። ይሄ በጥናት ከታየ 40 አመት ሊሞላው ነው፣ አሜሪካኖቹ መቀመጫ ላይ የተሰጠ የጉበት ክትባት እንደተሰጠ አይቆጥሩትም፣ ድገሙት ነው የሚሉት። የውሻ በሽታ ክትባትም እንደዛው ነው መቀመጫ ላይ አይሰጥም። ከዛ ላይ ደግሞ ሳያቲክ የሚባለው ትልቁ ነርቭ የሚያልፈው በመቀመጫ ነው፣ መርፌ ተወግተው እግራቸው እየተጎተተ የቀሩ ልጆች አይቻለሁ እና «ዙሪ» ስትባሉ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

የትከሻሽ ህመም ግን አላማረኝም። የተወጋሽው ጫፉ ላይ ነው፣ ከፍ ብሏል። ትክክለኛው ቦታ ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ወረድ ብሎ ነው፣ ከብብት መስመር ሳይወርድ። ክንድሽን ጎንሽ ላይ አርገሽ ስትይዢ ጎላ የሚለው እሱ ነው።

ደግሞ ልቆጣሽ ነው። በረዶ ያለበት ፌስታል ነው ያልሽው? ክትባቱ በረዶውን ነክቶ ነበር?

የጉለሌዋ · ማክሰኞ ማታ 4፡31

ውይ ሲስተር። በካርቶኑ ነበር፣ በረዶውም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ምነው?

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ማክሰኞ ማታ 4፡44

እንኳን ተጠቀለለ። ይሄ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ሙቀት ቢነካው ይሻላል ብርድ ከሚያቀዘቅዘው፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ይበላሻል ቢሟሟም አይመለስም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው፣ ፋርማሲውም ደግ የሰራ መስሎት በረዶ ላይ ይዘፈዝፈዋል። ሁለተኛውን ስትገዢ ካርቶኑን በጨርቅ ወይ በወፍራም ጋዜጣ ጠቅልለሽ በረዶው ራቅ ይበል። ስትወጊም ሲነቀነቅ ወተት መስሎ እኩል መደፍረስ አለበት፣ ቁርጥራጭ ነገር ከታየ ወይ ቶሎ ከስር ከዘቀጠ አትቀበዪ። እሱንም መጠየቅ መብትሽ ነው ሃሃ

ካዛንቺስ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 5፡02

ቆይ ቆይ ቆይ። እኔ ሦስቱንም ዙር መቀመጫዬ ላይ ነው የተወጋሁት!! ከሦስት አመት በፊት፣ ሆቴል ስቀጠር ተከተቡ ተብለን። ማንም ምንም አላለኝም፣ ዙር ስባል ዞርኩ። እና አሁን ያልተከተብኩ ነኝ ማለት ነው?

ላብራቶሪው · ማክሰኞ ማታ 5፡20

አይዞህ አትደናገጥ፣ የሠራልህ ሊሆን ይችላል ላይሆንም ይችላል። ደም ሰጥተህ የፀረ-አካሉን (ሰውነትህ ከክትባቱ ያበጀውን መከላከያ) መጠን ታስለካለህ፣ ቁጥሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይዞሃል ማለት ነው። ችግሩ ይሄ ምርመራ በትክክል የሚነበበው ከሦስተኛው ዙር በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ካንተ ሦስት አመት አልፏል፣ በደንብ የያዘው ሰው ላይ ራሱ ቁጥሩ በጊዜ ብዛት ይወርዳል። ስለዚህ ከ10 በላይ ካገኘህ ተደሰት፣ በታች ከሆነ ግን መቀመጫ ላይ ስለተወጋህ ከሀኪም ጋ ተነጋግረህ እንደገና ክንድህ ላይ መጀመሩ ነው የሚያዋጣህ። ዋናውን የቫይረሱን ምርመራም አብረህ አድርግ።

ለሌሎቻችሁ፣ ይሄ በሽታ ለምን መርፌ ላይ እንደምንጨቃጨቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሽማግሌዎች የወፍ በሽታ የሚሉት ላይ ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በደም በተበከለ መርፌ ድንገት የተወጋ ያልተከተበ ሰው ኤችአይቪ የሚይዘው ከ300 አንዴ ገደማ ነው፣ ጉበት ቢ ግን ከ100 ጊዜ እስከ 30 ጊዜ ድረስ ሊይዝ ይችላል። ቫይረሱ ደረቅ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። እና ትሪ ላይ ክፍት ሆኖ የተቀመጠውን ሲሪንጅ «የማን ነው» ብላ የጠየቀች ልጅ ናት ጥፋተኛዋ?

ቀጭኔ · ማክሰኞ ማታ 5፡33

እሺ ስለ ሲሪንጁ ተሸነፍኩ። አጠያየቅ ግን አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ ጠዋት 1፡05

ከሜሪላንድ ነኝ፣ ይሄን ክር ሳይ መተኛት አቃተኝ። የጉለሌዋ እህቴ ያንቺ ታሪክ የኔ ነው። ያምና የወዲያኛው መከር ላይ ፋርማሲ ገብቼ የጉንፋን ክትባት ወሰድኩ፣ ልጁ ቆሞ እኔ ወንበር ላይ፣ ሹራቤን በአንገቴ በኩል ወደታች ስቤለት ልክ እንዳንቺ። ማታውኑ ጀመረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከጓዳ መደርደሪያ በርበሬ ማውረድ አልቻልኩም፣ የመኪና ቀበቶ ለመሳብ በሌላ እጄ እዞራለሁ። ሰባት ወር ፊዚዮቴራፒ!! ኤምአርአይ ሲነሳ ትከሻው መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ከረጢት ተቆጥቷል አሉኝ፣ መርፌው ከፍ ብሎ ጡንቻው ላይ ሳይሆን መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ነው።

ይሄ ነገር ስም አለው፣ ሲርቫ ይሉታል። ክትባቱ አይደለም ያመመኝ ቦታው ነው። ልጁ ቆሞ አንቺ ስትቀመጪ እጁ ሳያውቀው ወደላይ ይሄዳል፣ ልብስ በአንገት ሲሳብ ደግሞ የሚታየው ትከሻው ጫፍ ብቻ ነው። ሁለታችሁም ቁጭ በሉ፣ ልብስሽን ከስር ወደላይ ጠቅልዪው ወይ እጅሽን ከእጅጌው አውጪ። እኔ ዘንድሮ ከውስጥ ክንድ የሌለው ካናቴራ ለብሼ ነው የሄድኩት፣ ፋርማሲስቷን «ቁጭ ብለሽ ትወጊኝ?» ስላት ወንበር ስባ «ኦፍ ኮርስ» አለችኝ ሌላ ምንም የለም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ ሲርቫ ከ2017 ጀምሮ የመንግስት የክትባት ጉዳት ሰንጠረዥ ውስጥ አለ፣ ህመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ ከጀመረ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፣ ምልክቱ ከታየ በሦስት አመት ውስጥ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ገንዘቡ የሚመጣው ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ ከሚቆረጥ 75 ሳንቲም ነው እንጂ ከፋርማሲው ኪስ አይደለም። የኮቪድ ክትባት ግን እዛ ውስጥ አይደለም የሱ ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ጊዜውም አንድ አመት ብቻ ነው። እኔ አላወቅኩም ነበር፣ የነገረችኝ ቤተክርስቲያን አብራኝ የምትዘምር ልጅ ናት።

የጉለሌዋ · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

ሰባት ወር?? ኧረ በማርያም አታስፈራሪኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ ጠዋት 2፡52

አይ እናቴ ሁሉም እንደኔ አይሆንም፣ ብዙው ሰው ሁለት ሦስት ቀን አሞት ያልፋል። በሳምንት ካልቀነሰልሽ ግን ታዪው፣ ዝም አትበዪ እንደኔ።

ጋሽ ድሬሰሩ · ረቡዕ ቀን 7፡15

ልጆች ደህና ዋላችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ድሬሰር ነኝ፣ ስሙን የሚያውቅ ወጣት ካለ፣ የጤና ረዳት ማለት ነው። እኛ በሠራንበት ዘመን ሲሪንጅ የብርጭቆ ነበር፣ መርፌውም ተመልሶ የሚሠራ፣ በቡታጋዝ ላይ በድስት ውሃ እናፈላና በወረንጦ እያወጣን እንወጋለን። ገበያ ቀን ውሃው ሳይፈላ ሰው ይበዛል። የሚገርማችሁ ህዝቡ መርፌ ወዳድ ነበር፣ ክኒን ብትሰጠው «አልታከምኩም» ብሎ ነው የሚሄድ። ከዚያ የተነሳ በየመንደሩ መርፌ ወጊ የሚባል ሰው በቀለ፣ በአንድ መርፌ ጠዋት ጀምሮ ማታ ይጨርሳል፣ ክፍያውም ዶሮ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «አዲስ ክፈትልኝ» የሚል አልነበረም፣ መርፌው ደንዞ ሲያማቸው ግን «ሳለው» የሚሉ ነበሩ። እውነቴን ነው፣ በድንጋይ እንስለው ነበር።

አሁን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። እና ይቺ ልጅ መጠየቋን ያልወደደ ሰው ያን ዘመን አላየም።

አባ ናቲ · ረቡዕ ቀን 7፡30

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። በድንጋይ!!

ዝም አልልም · ረቡዕ ማታ 1፡10

ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። መርፌውን ሰክታ መድሃኒቱን ከመግፋቷ በፊት ፒስተኑን (የሲሪንጁን መግፊያ) ወደኋላ ሳብ አርጋ ደም አለመምጣቱን አየች ወይ? ድሮ ሁሉም ነርስ ያደርገው ነበር አሁን ተዉት። ደም ስር ውስጥ ቢገባስ? በኮቪድ ጊዜ ዴንማርክ ሳቡ ብላለች፣ ጀርመንም በ2022 ሳብ ማድረጉ ይሻላል ብላለች። ሆንግኮንግ ላይ በአይጥ ሠርተው ደም ስር ውስጥ ሲገባ ልብ ሲቆጣ አይተዋል። ስለዚህ ስትጠይቁ ይሄንንም ጠይቁ፣ የኛ ሰው ግማሽ እየጠየቀ ነው የሚበላው።

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ረቡዕ ማታ 2፡05

ወንድሜ ያልከው ዴንማርኩም ጀርመኑም እውነት ነው፣ አልክድም። ግን የኮቪድ ክትባት ላይ ለጥንቃቄ ብለው ነው እንጂ ስለ ክትባት ሁሉ አይደለም የተናገሩት። ዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በፈረንጅ ስለ ክትባት ህመም ባወጣው ላይ አትሳቡ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ክንድ ላይም የህፃን ታፋ ላይም ትክክለኛው ቦታ ከተያዘ ትልቅ ደም ስር የለም፣ ስትስብ ደግሞ መርፌው ውስጥ ቆይቶ ይንቀሳቀሳል ህፃኑን የበለጠ ያመዋል። እኛም ስንማር ሳቡ ተብለን ነው የተማርነው፣ በኋላ ነው ተዉት የተባልነው፣ ለመተው ራሱ እጄ አመት ፈጅቶበታል።

ከዛ ደግሞ የመንግስት ክትባት የሚሰጥበት ሲሪንጅ ራሱን የሚቆልፍ ነው፣ ኤዲ የምንለው። ፒስተኑ ወደኋላ አንዴ ወደፊት አንዴ ነው የሚሄደው፣ ከዛ ይቆለፋል፣ ብትፈልግም ሁለተኛ ሰው ላይ አይሠራም። አየር ስቦ ብልቃጡ ውስጥ የሚያስገባ ተለማማጅ ሲመጣ ሲሪንጁ እዛው ይሞትበታል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ የምትጠይቅበት እድል ካለህ ቦታውን ጠይቅ። ፒስተን ተስቦ ትከሻ ጫፍ ላይ ከመወጋት ሳይሳብ ትክክለኛው ቦታ ላይ መወጋት ይሻልሃል።

ዝም አልልም · ረቡዕ ማታ 2፡20

ለኮቪድ ግን እኔ እጠይቃለሁ

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ረቡዕ ማታ 2፡22

ጠይቅ እሺ ሃሃ። ብትስብልህ አትሞትም።

የሰሚት እናት · ረቡዕ ማታ 3፡00

እኔ አሁን ፈራሁ። ልጄ ሁለት ወር ሊሞላት ነው፣ የስድስት ሳምንቷን ተወግታለች፣ በሚቀጥለው ወር ሁለተኛው አለባት። ሁለቱም ታፋዋ ላይ ሲወጓት እኔ ፊቴን አዙሬ ነው የቆምኩት፣ ምንም አላየሁም። ይሄን ሁሉ አንብቤ እንዴት ነው ይዣት የምሄደው? ባለቤቴ ደግሞ ለራሱ ክትባት አይወድም

አባ ናቲ · ረቡዕ ማታ 3፡12

እኔ የምፈራው ይሄን ነበር። ጓዶች ተጠንቅቀን እናውራ፣ ኩፍኝ እኮ አገሩን እያመሰ ነው። መርፌ ፈርቶ ከመቅረት ተቆጥቶ መወጋት ይሻላል።

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ረቡዕ ማታ 3፡35

እናቷ ይዘሻት ሂጂ። እንዲያውም የህፃናት ክትባት ከግል ክሊኒክ መርፌ ክፍል የተሻለ ጥንቃቄ ያለበት ነው። በ1999 በፈረንጅ ዓለም ጤና ድርጅት ከዩኒሴፍ ጋ ሆኖ በ2003 መጨረሻ አገሮች ሁሉ ክትባትን ራሱን በሚቆልፍ ሲሪንጅ ብቻ ይስጡ ብሎ ነበር፣ ጤና ጣቢያ የምታዪውም እሱ ነው። ልጅሽ ታፋዋ ላይ የተወጋችው ልክ ነው፣ የህፃን ጡንቻ እዛ ነው ያለው፣ ማንም መቀመጫዋን ግለጪ ካለሽ እምቢ በዪ። አንዱ የወሰደችው ፔንታ ነው፣ አምስት በሽታ ባንዴ የሚከላከለው፣ ጉበት ቢም እሱ ውስጥ አለ፣ አገራችን የገባው በ2007 በፈረንጅ ስለሆነ ነው እኛ ትልልቆቹ አሁን በብራችን የምንገዛው።

ፊትሽን አታዙሪ ግን። እቅፍ አርገሽ ያዢያት፣ ጡት እየጠባች ብትወጋ ለሷ ይቀላታል፣ ነርሷም እግሯ ካልተወራጨ ስራዋ ይቀላል። አንቺ የምታዪው፣ ሲሪንጁ ከላስቲክ ሲወጣ፣ ብልቃጡ ላይ መርፌ ተሰክቶ አለመቀመጡን (አንዳንዱ እየሰካ ይተወዋል፣ ቆሻሻ በዛ ይገባል) እና ከወጋች በኋላ ክዳን ሳትመልስ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መጣሏን። ከዛ በኋላ ቦታውን አትሺው፣ ቅቤም አትቀቢው፣ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ።

ላብራቶሪው · ረቡዕ ማታ 4፡10

ስለ ኩፍኙ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሰሚት እናት ይሄ ላንቺ አይደለም ለጠቅላላው ነው። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ይመጣና ነው በውሃው የሚበጠበጠው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ቢበዛ 6 ሰዓት ነው ከዛ ይደፋል። በ2017 በፈረንጅ ደቡብ ሱዳን ካፖዬታ፣ እዚሁ ድንበራችን ጥግ፣ 15 ህፃናት ከኩፍኝ ዘመቻ በኋላ ሞቱ። ሲጣራ ክትባቱ አልነበረም የገደላቸው፣ በአንድ መበጥበጫ ሲሪንጅ አራት ቀን ሙሉ ነው ሲበጠብጡ የነበሩት፣ ማቀዝቀዣም አልነበረም፣ ውስጡ ባክቴሪያ ፈልቶ ነው። በ2014 ሶሪያ ኢድሊብ ላይ ደግሞ 15 ህፃናት፣ እዛ የተበጠበጠው በውሃው ፈንታ ጡንቻ በሚያፈዝ የማደንዘዣ መድሃኒት ነበር፣ ብልቃጡ ይመሳሰላል ፍሪጁ አንድ ነው።

ሁለቱም ቦታ ላይ «የተበጠበጠው መቼ ነው? በምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነበር የጎደለው። ያ ሰው እናት መሆን አልነበረበትም ግን ሌላም ሰው አልጠየቀም።

የራምላዋ · ሐሙስ ጠዋት 4፡00

ከእስራኤል ነኝ። እኛ ጋ ይሄ ነገር ቁስል አለው። ከኢትዮጵያ የገቡ እናቶቻችን ዴፖ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ፣ ተገደው ተወጉ የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ብዙዎቹ የሚወጉት ምን እንደሆነ በቋንቋቸው አልተነገራቸውም ነበር። በ2013 በፈረንጅ መጀመሪያ ጤና ሚኒስቴር ለአራቱም ኩፖት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) ደብዳቤ ፃፈ፣ መድሃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ካልገባት ማዘዣ አታድሱላት፣ አስተርጓሚ አምጡ ብሎ። በኋላ የመንግስት ተቆጣጣሪው ተገደው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ፣ እሺ፣ ግን አለመጠየቅ የት እንደሚያደርስ እኛ አይተናል። እናቴ አሁን የጉንፋን ክትባት ስትወስድ ራሱ «ስሙ ምንድን ነው» ትላለች በአማርኛ፣ ነርሷ አልገባትም፣ እናቴ ደግሞ እጅጌዋን አታነሳም። እኔ ስልክ ላይ ሆኜ አስተረጉማለሁ። ኮቪድ ጊዜ 20 ደቂቃ አስቆማቸዋለች ሃሃ

ቀጭኔ · ሐሙስ ጠዋት 4፡18

እማማን አከበርኳቸው

ካዛንቺስ ልጅ · ሐሙስ ማታ 1፡30

እና አጠያየቁስ? የጉለሌዋ የጠየቀችው እሱን ነበር ሁላችሁም አለምን ዞራችሁ መጣችሁ

አባ ናቲ · ሐሙስ ማታ 1፡45

እኔ ዘዴ አለኝ፣ «ሲስተር እኔ መርፌ በጣም ነው የምፈራው፣ ሲከፈት ካየሁ ይረጋጋልኛል» እላለሁ። ጥፋቱን ወደራሴ ነው የምወስደው። ሁሌም ትስቅና ትከፍትልኛለች።

ዝም አልልም · ሐሙስ ማታ 1፡52

ለምንድን ነው ፈሪ ነኝ የምትለው? መብትህ ነው ቀጥ ብለህ ጠይቅ።

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ሐሙስ ማታ 2፡30

ከወንበሩ በዚህኛው በኩል ሆኜ ልንገራችሁ። የሚከፋኝ ጥያቄው አይደለም ሰዓቱ ነው። መድሃኒቱን ቀድቼ አየሩን አውጥቼ ልወጋ ስል «ቆይ አዲስ ነው?» ስትሉኝ የድሮ ልትወጊኝ ነው ያላችሁኝ ነው የሚመስለኝ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እኔም እደርቃለሁ። ስትገቡ ነው መጠየቅ፣ ካርዱን ስትሰጡኝ፣ እጄ ባዶ እያለ። «ሲስተር ደህና ዋልሽ፣ ሲሪንጁን እዚሁ ብትከፍቺልኝ ደስ ይለኛል፣ ክንዴን እንዴት ልያዝልሽ?» ካላችሁኝ አልቋል። ሰው ፊት አይሁን፣ በሩን ዝጉት። የጉለሌዋን ነርስ የገተራት በሩ ይመስለኛል ከጥያቄው በላይ።

እኔም አንዴ ተወግቻለሁ፣ ክዳን ስመልስ፣ ታማሚው እየተናገረኝ ነበር ዞር አልኩ ጣቴ ውስጥ ገባ። 72 ሰዓት ሳይሞላ የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒት ጀምሬ 28 ቀን እያስመለሰኝ ጨረስኩ። ደህና ነኝ። ከዛ ወዲህ ሰው «ክዳን አትመልሺ» ሲለኝ አልቆጣም። የጉለሌዋ፣ ትሪ ላይ ከላስቲኩ የወጣ ሲሪንጅ አየሁ ስትይ ግን ለነርሷም ነው የደነገጥኩት።

የጉለሌዋ · ሐሙስ ማታ 2፡50

እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። በሩን አላሰብኩትም ነበር። ትከሻዬ ዛሬ ትንሽ ለቋል። ከወር በኋላ ተመልሼ እነግራችኋለሁ።

ካዛንቺስ ልጅ · ከ9 ቀን በኋላ

ውጤቴ መጣ። ቫይረሱ የለብኝም፣ የፀረ-አካሉ ቁጥር ግን 3 ነው። ዶክተሯ እንደ አዲስ እንጀምር አለች። ክንዴን ይዤ ነው የገባሁት ገና ዙር ሳይሉኝ ሃሃሃ። ሆቴል አብረውኝ የተከተቡት 14 ልጆች ነበሩ፣ ያገኘኋቸውን እየደወልኩ እየነገርኩ ነው፣ ግማሹ «ተወን ባክህ» ይላል።

ላብራቶሪው · ከ9 ቀን በኋላ

ሦስተኛውን ከወሰድክ በኋላ ከወር እስከ ሁለት ወር ውስጥ አስለካ አትርሳ፣ አሁን ጊዜው ይጠቅምሃል።

የጉለሌዋ · ከ34 ቀን በኋላ

መጣሁ! ሁለተኛውን ዛሬ ወሰድኩ። እዛ ክሊኒክ አልተመለስኩም፣ አልዋሽም ፈራሁ፣ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ክትባቱን በፎጣ ጠቅልዬ በረዶውን በሌላ ላስቲክ፣ ክንድ የሌለው ካናቴራ ከውስጥ። ስገባ ገና በሩን ዘጋሁና «ሲስተር ደህና ዋልሽ» ብዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፣ እንደ ግጥም ሸምድጄው ነበር። ልጅቷ ወጣት ናት አየችኝና «ጤና ባለሙያ ነሽ?» አለችኝ፣ አይ ስላት «እና ማን ነገረሽ» ብላ ሳቀች።

ላስቲኩን ፊቴ ከፈተች፣ ብልቃጡን ነቅንቃ አሳየችኝ ወተት ይመስላል። ቁጭ ብለሽ ትወጊኝ ስላት ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው! እኔ ልነሳ ስል ደግሞ ድንገት ራስሽን ብትስቺስ አለችኝ። በመጨረሻ ሁለታችንም አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እንደ ሁለት ጓደኛ ታክሲ ላይ። በጣቷ ከትከሻዬ ለካችና ወጋችኝ፣ ሳላውቀው አለቀ። መርፌውን ቀጥታ ሳጥን ውስጥ። 15 ደቂቃ ውጪ ተቀመጥኩ። ማታ ላይ ትንሽ ጠጠር ጠጠር ብሎኛል እንጂ እጄ እላይ ድረስ ይነሳል፣ ፀጉሬን ራሴ ነው ያስያዝኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ከ34 ቀን በኋላ

እሰይ!! አልጋው ጠርዝ ላይ ሃሃሃ በጣም ነው የወደድኳት ልጅቷን

ሲስተር ዘደብረብርሃን · ከ34 ቀን በኋላ

ጎበዝ። ካርድሽ ላይ የክትባቱን ስምና የሎት ቁጥሩን (የተመረተበትን ዙር ቁጥር) ፃፈችልሽ?

የጉለሌዋ · ከ34 ቀን በኋላ

ውይ እሱን ረሳሁት መጠየቅ!! ቆይ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ልየው

የጉለሌዋ · ከ34 ቀን በኋላ

ፅፋዋለች። ቁጥሩም አለ፣ ከስሩ ደግሞ «ግራ ክንድ» ይላል። የመጀመሪያው ዙር መስመር ላይ ግን ቀን ብቻ ነው ያለው።